በ67 ዓመቴም ሞተር እነዳለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። «ልጆቼ ሞተሩን ሽጥ ብለው መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። አንተ ግን እስካሁን ትነዳለህ አሉ። እንዴት አድርገህ ነው?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳልነግረው የቀረሁት ነገር አንድ በአንድ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እሱም ያንብበው፣ ይኸው ጥያቄ ያለበት ሁሉ ያንብበው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ሞተር የጀመርኩት በ1973 ዓ.ም. ነው። አርባ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው እንዳልል፣ ሞልቶኛል። መጀመሪያ የሥራ ዕቃዬ ነበረች። ከዚያ የቤተሰብ መጓጓዣ ሆነች። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከቤት የሚያስወጣኝ እሷ ናት። ለዚህ የበቃሁት ዕድሜዬ ሲቀየር ሞተሬንም አነዳዴንም ስለቀየርኩ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ እንደነዳሁት ዛሬም ብነዳ ኖሮ ይህን ለመጻፍ አልተርፍም ነበር።

የመጀመሪያዋ የመንግሥት ነበረች። ያማሃ ኤጂ 100። ባሌ፣ ጎባ ስመደብ ነው የሰጡኝ። ገጠር የሠራ ሰው ያውቃታል። ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች ናት። ካቴናዋ፣ ማለትም የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ጭቃና አቧራ አያገኘውም። በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አላት፤ ተዳፋት ላይ በፈለጉት በኩል ማቆም ነው። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። እኛ ከኋላ የበረዶ ሳጥን እናስርባታለን። ሳጥኑ ውስጥ የደስታ በሽታ ክትባት አለ።

ወጣቶች የደስታ በሽታን አታውቁትም፤ እሰየው። ከብት የሚፈጅ በሽታ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ያ ረሃብ የመጣው ይህ በሽታ ከብቱን ጨርሶ፣ የሚያርስ በሬ ስለጠፋ ነው። ክትባቱ ከደብረ ዘይት ይመጣልናል። ቅዝቃዜ ካጣ ይበላሻል። ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ተወግቶ ማለቅ አለበት። የእኔ ሥራ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ነው። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁ። እንባዬ መጣ። ያቺ ሞተር ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና ለመውረድ ሳነቴን ማቋረጥ ግድ ነው። አምባው 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። አጠገቡ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ 4,377 ሜትር። ጅብራ፣ ፍልፈል፣ አንዳንዴም ቀይ ቀበሮ ይታያል። ሰው ግን የለም። እዚያ ላይ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥራታል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቷ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ሳነቴ ላይ ስትደርስ ከሦስት እጅ አንዱ ጉልበቷ የለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር የተስተካከለው ለቆላ አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይጠቁራል። ከዚያ መንተባተብ ትጀምራለች።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ እንደዚያው ተንተባትባ ቆመችብኝ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። መለዋወጫ ካንዴላ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሰውነቴ እንዲያሞቀው። ጓንቴን አውልቄ አሮጌውን ፈታሁት። አዲሱን ላስገባ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጥርሱን ማስያዝ አቃተኝ። ወደ ጎን ከገባ ደግሞ የሞተሩን ራስ ያበላሸዋል። ካንዴላውን አፌ ውስጥ ያዝኩት፣ ሁለቱን እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ መቶ ቆጠርኩ። ከዚያ ነው የገባልኝ። ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ካንዴላ ለማስገባት እንቢ ያሉት ጣቶች ከአምስት ደቂቃ በፊት ፍሬን ላይ ነበሩ። ያኔ ድንገት ፍሬን መያዝ ቢያስፈልገኝ ኖሮ እንደማይታዘዙኝ አላወቅሁም ነበር። ብርድ ሳይነግርህ ነው እጅህን የሚወስድብህ። እርጅናም እንዲሁ እንደሚያደርግ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሳነቴ ወዲያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ዛፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፣ ጭጋግ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። ያቺ ያማሃ ሁለት ምት የሚባለው ዓይነት ናት፤ ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነው የሚነደው። ሮቤ የነበረ አንድ መካኒክ የነገረኝ እዚያ ጠቀመኝ። «ሁለት ምት ሞተር ዘይቷን የምታገኘው ነዳጅ ስትሰጣት ነው። ቁልቁለት ነው ብለህ የነዳጅ መስጫውን ዘግተህ ረጅም መንገድ አትውረድ፣ ፒስተኑ ይጣበቅብሃል» አለኝ። በየመሀሉ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨመቀውን) ይዤ ትንሽ ነዳጅ እሰጣታለሁ። አንድም ቀን አልተጣበቀችብኝም። ዛሬም አሮጌ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ፣ ይህችን ያዙልኝ።

በ1986 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። የመንግሥቷን ሞተር አስረክቤ የራሴን ገዛሁ። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ የወጣች ያማሃ ዲቲ 125። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ እንደ ፈረስ ናት። ባለቤቴን ከኋላ፣ ሴት ልጄን በመሀላችን አድርገን ቤተ ክርስቲያን ሄደንባታል፣ ሠርግ ሄደንባታል። ያኔ ሄልሜት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። እግዚአብሔር ጠበቀን እንጂ እኔ አልጠበቅኋቸውም።

ዲቲን ሃያ አምስት ዓመት ነዳኋት። ሦስት ጊዜ ፒስተንና ቀለበት ቀየርኩላት። የሴላዋን፣ የመቀመጫዋን፣ ሽፋን አራት ጊዜ አሰፋሁ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በራሴ ደጃፍ፣ ጣለችኝ።

እንዴት እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ከገበያ ተመልሼ በሩን ልከፍት ቆምኩ። ደጃፋችን ኮብልስቶን ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል። ግራ እግሬን አወረድኩ። ሴላዋ ረጅም ስለሆነ የሚደርሰው የጣቴ ጫፍ ነው። ጣቴ ያረፈበት ድንጋይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ ነበር። አንሸራተተኝ። ሞተሯ አዘነበለች። ወጣት እያለሁ ይህ ሺህ ጊዜ ደርሶብኛል፤ በጉልበቴ ገፋ አድርጌ እመልሳታለሁ። ያን ቀን ጉልበቴ ዘገየ። ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያ ግማሽ ሰከንድ ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተኛ። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤት ልጆች ሮጠው መጥተው አነሱልኝ። ፍጥነቴ ዜሮ ነበር። ቆሜ ነው የተሰበርኩት።

ስድስት ሳምንት በጄሶ ተኛሁ። አዲስ አበባ ሞተር ያገደችው በዚያው ክረምት መግቢያ ነው። ልጄ ዜናውን ሰምታ መጣችና «ይኸው አባዬ፣ መንግሥትም ይብቃ ብሏል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ደብተር አምጪልኝ አልኳት። በሕይወቴ የወደቅሁባቸውን ቀኖች ሁሉ ጻፍኩ። የማስታውሰው አሥራ ሰባት ሆነ። ከሃምሳ ዓመቴ በፊት የወደቅሁት በፍጥነት፣ በጭቃ፣ በከብት፣ በችኮላ ነው። ከሃምሳ በኋላ አራት ጊዜ ወድቄአለሁ። አንዱ ግቢ ውስጥ ሳዞራት። አንዱ ዳገት ላይ ቆሜ ልነሳ ስል። አንዱ ልወጣባት እግሬን ሳነሳ ጫማዬ ከኋላ ያለውን ሳጥን መትቶ። አራተኛው ይኸው የደጃፉ። አራቱም ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ባነሰ ፍጥነት ነው። ልጆቻችን የሚፈሩልን አውራ ጎዳናውን ነው። እኔን የጣለኝ ግን ደጃፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ የመጣው ከዚያች ደብተር ነው። መጀመሪያ ዲቲን ሸጥኩ። ለአንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው የሸጥኩለት፣ ስለ ቁልቁለቱና ስለ ዘይቱም ነግሬዋለሁ። ሊብሬውን ስፈርምለት እጄ ተንቀጥቅጧል፤ አልደብቃችሁም። ከዚያ ዝቅ ያለች የህንድ ሞተር ገዛሁ፣ ባለ መቶ። ሦስት ዓመት ነዳኋት። የግራ አውራ ጣቴ መገጣጠሚያ ፍሪሲዮን በያዝኩ ቁጥር ማመም ሲጀምር እሷንም ለውጬ ስኩተር ላይ ወጣሁ። ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሽ የላትም፣ እግር ማንሳት የለም፤ መሀሏ ክፍት ስለሆነ በፊት በኩል አሳልፎ መቀመጥ ነው። ጓደኞቼ የሴት ሞተር ይሏታል። ይበሉ። ቁርጭምጭሚቴን የሰበረው የወንድ ሞተር ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። በየቀኑ የምትጫሙትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ተቀመጡባት። ሁለቱም ተረከዞቻችሁ መሬት ይንኩ፤ ጣት አይበቃም፣ ተረከዝ ነው። ከዚያ ተቀምጣችሁ እንዳላችሁ በእግራችሁ ወደ ኋላ ግፏት፣ ትንሽ ዳገት ፈልጋችሁ። ካልተገፋችላችሁ ተዉአት። ሻጩ «ትለምዳታለህ ጋሼ» ይላችኋል። ጉልበት በስድሳ ዓመቱ አዲስ ነገር አይለምድም። ስኩተርም የራሷ ችግር አላት፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ የመንገድ ጉድጓድ ዲቲ ከምትሰማው በላይ ትሰማዋለች። ገጠር መንገድ አትውሰዷት። በጉልበታችሁ የምትይዙት ታንክ ስለሌለ ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ሁሉ ክንዳችሁ ላይ ይመጣል። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ይመቸኛል። ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ሰው ዳገቱን አስቦ ይግዛ።

ዕቃ ከኋላ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መጫን ትቻለሁ። ሽንኩርትም ቢሆን እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ነው የማስቀምጠው። ክብደት ዝቅ ሲል ሞተር ቀላል ትሆናለች። ስወጣባትና ስወርድ ማቆሚያዋ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ነው። ደጃፌ ላይ ያለውን ሽበት በየክረምቱ በሽቦ ብሩሽ እፍቀዋለሁ። ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከስድስት ሳምንት ጄሶ ጋር ስታስተያዩት ግን ትንሽ አይደለም።

ሞተር ከወደቀች አነሳሷም ዘዴ አለው። እኔ አርባ ዓመት በተሳሳተ መንገድ ሳነሳ ኖሬ ወገቤን ጎድቻለሁ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ። ፍጠኑ የሚል የለም። በቀኝ በኩል ከወደቀች፣ ከማንሳታችሁ በፊት የግራ ማቆሚያዋን ዘርጉት፤ አለበለዚያ አንስታችኋት ወዲያኛው ወገን ትወድቅባችኋለች። ማርሽ ያላት ከሆነች ማርሽ ውስጥ አስገቧት፣ እንዳትንከባለል። ከዚያ ጀርባችሁን ስጧት። መቀመጫችሁን ሴላዋ ላይ አስደግፉ። በአንድ እጅ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከኋላ መጫኛውን ያዙ። ክንዳችሁ ቀጥ ይበል። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ በትናንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየሄዱ በእግር ነው የሚገፋው። ወገብ ምንም ሥራ የለውም። ይህን ግቢ ውስጥ፣ ከሥሯ አሮጌ ፍራሽ አንጥፋችሁ ሞክሩት። ብቻችሁን ማንሳት የማትችሏትን ሞተር ብቻችሁን ይዛችሁ አትውጡ።

ዓይኔ ሌላ ታሪክ አለው። ስድሳ አራት ዓመቴ ላይ ማታ ማታ የባጃጅ መብራት ሁሉ ዙሪያው አክሊል ያወጣ ጀመር። «እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት አምፖል ነው የሚያስገቡት?» እያልኩ እናደዳለሁ። አንድ ምሽት ከፊቴ የቆመ የአህያ ጋሪ ሳላየው ቀርቼ፣ አህያው ሲያንኮራፋ ነው ፍሬን የያዝኩት። በማግሥቱ ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በሁለቱም። ጥፋቱ የባጃጆቹ ሳይሆን የኔ ዓይን ነበር። ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሟ ፈቃድ እስክትሰጠኝ ሞተር አልነካሁም። አሁን ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ከዚያ በፊት ለካ ቡና የፈሰሰበት ጨርቅ ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አልነዳም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይም ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አልሄድም፤ ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ የሚጠልቀው ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። የሄልሜት መስታወት ከተቧጨረ ቀይሩት። እያንዳንዱ ጭረት መብራቱን ይበትነዋል፣ ደካማ ዓይን ላይ ሌላ ግርዶሽ ማለት ነው። ሄልሜቱ ራሱ አንዴ በኃይል ከተመታ፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ሁለተኛ አያድናችሁም። ክርን ላይ ማንጠልጠሉን ለወጣቶቹ ተዉላቸው፤ እነሱም ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ስለ ኪኒን ሳልናገር አላልፍም። የደም ግፊት መድኃኒቴ ሲቀየርልኝ ለጥቂት ቀናት ከመቀመጫዬ ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኝ ነበር። ሐኪሙ «መኪና ትነዳለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ የለም ብያለሁ። ሞተር አላለኝማ! እናንተ ሳትጠየቁ ንገሩ። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ሂዱ። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡት አንዳንድ ኪኒኖችም እንቅልፍ ያመጣሉ።

አንገትም አለ። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ከብዶኛል። መስታወት አለ ትሉኛላችሁ፤ መስታወት የማያሳየው ቦታ አለ፣ ባጃጅ ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ልታጠፍ ስል አንገቴን ብቻ ሳይሆን ትከሻዬን ጭምር ይዤ እዞራለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንገቴን በቀኝም በግራም አሥር አሥር ጊዜ አዞራለሁ። አራት ወር ሲሆነኝ ለውጡን አይቼዋለሁ።

የፊት ፍሬንን ደግሞ ብዙ የኔ ዕድሜ ሰው ይፈራል። «ይገለብጣል» ተብለን ነው ያደግነው። ስንቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ሞተርን የሚያቆማት በአብዛኛው የፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ርቆ ነው የሚቆመው፣ ጎማውም ይንሸራተትበታል። አስፋልት ላይ ሁለቱንም አብሮ፣ የፊቱን በቀስታ ጀምሮ እያጠበቁ መያዝ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ በጣም በስሱ። እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ እለማመዳለሁ፤ በስድሳ ሰባት ዓመቴ እንደ ጀማሪ። በበጋ መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ። ለወራት የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ዝናቡ አጥቦ እስኪወስደው መጠበቅ ነው።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር፣ ጎማ። እኛ ሽማግሌዎች ትንሽ ነው የምንነዳው። ጎማችን አያልቅም። ስለዚህ ደህና ነው እንላለን። ጎማ ግን ሳያልቅም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ መያዝ ያቆማል። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2319 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የኔን ያነበበልኝ ሠፈር ያለ ጎሚስታ ነው። ጥርሱ አዲስ የሚመስለው ጎማዬ ለካ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። በዚያው ቀን ቀየርኩት።

አሁን ወደ ደወለልኝ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ወደ ልጆቹ። አንድ ሌላ ጓደኛ ነበረን። ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደበት ልጆቹ ሞተሩን ሸጠው ጠበቁት። ለደኅንነቱ ብለው ነው፣ ክፋት የለበትም። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ከግቢ መውጣት ተወ። በባጃጅ ሂድ ሲሉት «የት?» ይላቸው ነበር። ልጆች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከጀርባ አትሽጡ። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አባቶችም፣ ልጅ ሲፈራላችሁ አትቆጡ። እኔ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ልጄ አልቅሳ ወጣች። ባለቤቴ ናት ያስታረቀችን። «ፈራሁ አለችህ እንጂ አረጀህ መች አለችህ?» አለችኝ።

ከዚያ ከልጄ ጋር ውል ተዋዋልን። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ እሷ ትፈትነኛለች። ሞተሯን ፍራሽ ላይ አስተኝታ አንሳት ትለኛለች። ከመንገድ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ ታስነብበኛለች። ከኋላዬ ቆማ ስንት ጣት እንዳነሳች ዞሬ እነግራታለሁ። ግቢ ውስጥ በጠባቡ እግሬን ሳላወርድ እዞራለሁ። በመጨረሻ በአንድ እግሬ አሥር እስክትቆጥር እቆማለሁ፣ በቀኝ ከዚያም በግራ። አንዱ ካቃተኝ አንድ ነገር እተዋለሁ፤ ምን እንደሆነ አብረን እንወስናለን። ሁለት ካቃተኝ ቁልፉ የእሷ ነው። ውሉ በወረቀት ላይ ነው፣ ፈርሜበታለሁ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ሞተሯን አነሳኋት። ታርጋውን አነበብኩ። ጣቶቿን ቆጠርኩ። ግቢውንም ዞርኩ። በቀኝ እግሬ አሥር ሞላሁ። በግራ፣ በዚያችው በተሰበረችው፣ ሰባት ላይ እግሬ መሬት ነካ። ልጄ መቁጠሯን አቆመች። ምንም አላለችም። «ድገመው» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔም እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። አላለችም። ልክ ናት።

ተቀምጠን ተነጋገርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልጭንም ተባባልን። ሰው ማለት የልጅ ልጄ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የራሱ ትንሽ ሄልሜት አለው፣ ቀይ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እኔው ራሴ ልንገረው አልኳቸው። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። «ሞተሯ ተበላሸች?» አለኝ። አልተበላሸችም፣ የአያትህ ግራ እግር ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ሄልሜቱን አመጣልኝ። አሁን ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘን በእግራችን ነው የምንሄደው፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አድርሼው እመለስና ሞተሬን አስነስቼ ወደ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፤ ዓሣ ገዝቼ ፀሐይ ሳይጠነክር ቤት እገባለሁ። ቀዩ ሄልሜት ከኔ ሄልሜት አጠገብ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።